ጥናትን ወደ ገበያ ማውጣት፦ ለተመራማሪና ለባለ ማሲንቆ የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በዝሆኔ ሕመም ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። 696 ሕሙማን ለአንድ ዓመት ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ እግርን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግን ወዲያው ተማሩ። የቀሩት ተራቸው ከዓመት በኋላ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት ወጣ። ሕመሙ በድንገት የሚነሳው እንክብካቤውን ባገኙት ላይ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ ባላገኙት ላይ 23.9 ጊዜ ሆኖ ተገኘ።

ይህን እስቲ ለደንበጫ ገበያተኛ ንገሩት። «ነጥብ አራት ጊዜ መታመም ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» ይላችኋል። ልክ ነው።

እኔ በሙያዬ የቴአትር ሰው ነኝ። ጥቂት ዓመታት በተመራማሪዎችና በኪነ ጥበብ ሰዎች መካከል እየተመላለስኩ ሠርቻለሁ። አስታራቂ ሽማግሌ በሉኝ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ የቀረልኝ አሠራር ነው። ምሳሌዬ ዝሆኔ ነው፤ በደንብ የማውቀው እሱን ስለሆነ። የእናንተ ጥናት ስለ አፈር፣ ስለ ደን ወይም ስለ ጣና ከሆነ ቦታውን እየቀየራችሁ አንብቡት።

1. ከጥናቱ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

ተመራማሪዎች እዚህ ላይ ይሰስታሉ። አራት ዓመት የለፉበትን በሙሉ ሕዝብ እንዲሰማላቸው ይፈልጋሉ። አይሆንም። አንድ ዘፈን አንድ ነገር ነው የሚሸከም።

ሁለት ወንፊት አለኝ። ሰሚው ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ ወይ? ዛሬ የተናገራችሁትንስ ከዓመት በኋላ መሻር አይመጣም ወይ?

በአዊና በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ገበሬው «መሬቱ ደከመ» ይላል። የአፈር ተመራማሪው «አሲዳማ ሆነ» ይላል። መፍትሔው ኖራ ነው። ግን ኖራ በኩንታል የሚቆጠር ዕቃ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ከሌለ ዘፈኑ ሰውን ማስጎምጀት ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ መጋዘኑን ጠይቁ። እምቦጭም ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ብዙ ተብሎለታል። «እምቦጭ መጣ» ዜና አይደለም። የተነቀለው የት ይጣል የሚለው ጥያቄ ግን ለአንድ አጭር ቴአትር ይበቃል፤ ዳር ላይ የተተወው ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባልና።

ዝሆኔ ወንፊቱን ያልፋል። የምናወራው ፖዶኮኒዮሲስ ስለሚባለው ነው። በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ እሱ የቆላ ነው። የደጋው የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በወጣ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። አያጋባም። ጫማና ሳሙና ደግሞ ሰው ነገ ሊጀምራቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው። (ጫማውን በተመለከተ ይህን ያልኩት ተሳስቼ ነው። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።)

2. ሰውየውን ፈልጉ፤ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ

ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ጥናቱ ይሠራል፣ ሪፖርቱ ይጻፋል፣ የባሕር ዳር ሆቴል አዳራሽ ይያዛል። ከዚያ አንዱ ብድግ ይልና «ማስጌጫ የሚሆን የባህል ቡድን ብንጠራስ?» ይላል። ባለ ማሲንቆው በሻይ ሰዓትና በምሳ መካከል ይገባል። ቦታው የአበባ ማስቀመጫው ቦታ ነው።

ውጭ አገር እንዲህ ያለው ጥምረት ራሱን የቻለ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። እንግሊዝ አገር ዌልካም ትረስት የሚባለው የጤና ምርምር ደጋፊ ድርጅት አርቲስትና ሳይንቲስት አብረው ለሚሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ገንዘብ መድቦ ነበር። የአቶም ቅንጣት የሚመረመርበት ሰርን አርቲስቶችን ተቀብሎ ያስተናግዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ፣ የዶክትሬት ጥናትን በጭፈራ የማስረዳት ውድድርም አለ። የእኛ እስክስታ እዚያ ቢገባ ማን ይችለው ነበር? ይሄ እንግዲህ ወሬ ነው፤ ወደ ሥራችን።

ሰው ስትፈልጉ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። የአካባቢውን ኪነት ቡድን ያውቃሉ። ከዚያ ግን ገበያ ሂዱ፤ ሰርግ ሂዱ። ሕዝቡ ማንን እንደሚሰማ የምታዩት እዚያ ነው። አዝማሪ ከሆነ በስሙ ጥሩት፤ «አዝማሪው» እያላችሁ አትጥሩት። ቃሉ ለሙያው ክብር ሆኖ የሚሰማው ሰው አለ፤ ስድብ ሆኖ የሚሰማውም አለ። በዕድሜ ከበለጣችሁ «አያ እገሌ» በሉት።

ቅኔ ዐዋቂ ብታገኙ እሰየው። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ናት፤ ቃል የሚመዝን ሰው አይጠፋም። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለጤና መልእክት ሰምና ወርቅ አደገኛ ነው። ወርቁ ለሊቃውንቱ ቀርቶ ሰሙ ብቻ ቤት ከገባ ሰው የሚያደርገው ሰሙ ያለውን ነው። እኛ ጋ የኔታ ራሳቸው «ለመድኃኒትስ ሰምና ወርቁ አንድ ይሁን» ብለው ፈቱን።

3. ገንዘቡን ቀድማችሁ ጨርሱ

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የፋይናንስ ሠራተኛው «የሦስት አዝማሪ ፕሮፎርማ አምጣ» አለኝ። ደንቡ ነው፤ ሦስት ዋጋ ይወዳደራል። የማን ማሲንቆ እንደሚረክስ ልጠይቅ መዞር ነበረብኝ ማለት ነው። ደረሰኝም ፈለጉ። ቲን ቁጥርም ፈለጉ። ባለ ማሲንቆው ሦስት ወር ቆይቶ ተከፈለው። በሁለተኛው ሥራ አልመጣም፤ አልፈርድበትም።

ስለዚህ የጥናቱ ፕሮፖዛል ሲጻፍ ኪነ ጥበቡ የራሱ የበጀት መደብ ይኑረው፤ «የባለሙያ አገልግሎት» ተብሎ። አሠራሩን ከፋይናንስ ጋር ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ተመራማሪው አበል የሚያገኝበት የመስክ ቀን ሁሉ ለባለ ማሲንቆውም ክፍያ ያለው ቀን ይሁን። ግማሹ ቅድሚያ ይከፈል። ግንባሩ ላይ የሚለጠፍ ሽልማት ከሕዝብ የሚመጣ ነው፤ ከደመወዙ አይታሰብም።

ከዚያ አንዲት ገጽ ውል ጻፉ። ማንበብ የማይችል ከሆነ ምስክር ባለበት ይነበብለት። ውስጡ ሦስት ነገር ይኑር። ዘፈኑ ወይም ሥዕሉ የማን ነው? (የእሱ ነው፤ ለሥራው እንድትጠቀሙበት ይፈቅዳል።) ስለ ሕመሙ የተባለው ትክክል መሆኑን ማን ያርማል? (ተመራማሪው።) ዜማውንና አባባሉንስ? (ባለሙያው፤ ተመራማሪው አያገባውም።) የመጨረሻዋ መስመር ብዙ ጠብ አስቀርታልኛለች።

ሕሙማን ስለሚሳተፉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘፈንና ሥዕል መኖሩን ማመልከቻው ላይ ጻፉት። የማንም እግር ያለ ፈቃዱ ፎቶ አይነሳ። ፈቃድ የሰጠም ሐሳቡን መቀየር እንደሚችል ይነገረው።

4. ሁለት ቀን አብራችሁ ዋሉ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ሌላውን ብታሳጥሩ ይህን አታሳጥሩ።

በመጀመሪያው ቀን ተመራማሪው ባለሙያውን ወደ መስክ ይውሰደው። ስላይድ አይክፈትለት። ሕሙማኑ የሚታጠቡበትን ይይ፤ ሳፋውን፣ በረኪና ጠብ የተደረገበትን ውሃ፣ ቫዝሊኑን፣ ፋሻውን። ቀይ አፈሩን በእጁ ይሸው። በሁለተኛው ቀን ተመራማሪው ባለሙያው ቤት ይሂድ። ዜማ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ግጥም እንዴት ቤት እንደሚመታ ይይ። ተመራማሪው ማሲንቆ ለመምታት ቢሞክርና ቢሳቅበት ጥሩ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ባለሙያው «አልገባኝም» ማለት አያፍርም።

ማታ ላይ የማይነኩ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከሦስት አይብለጡ። የእኛ እነዚህ ነበሩ፦

– ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።
– ዘር ያጋልጣል፤ ሕመሙ የሚመጣው ግን ቀይ አፈርና ባዶ እግር ሲገናኙ ነው።
– ማጠብና ጫማ ማድረግ ይቀንሰዋል፤ ነቅሎ አያጠፋውም።

ሁለተኛዋ ብዙ አጨቃጨቀችን። ሕዝቡ «በዘር ነው» ይላል። አንድ ተመራማሪ ይህን ከሰው አእምሮ ጨርሶ ማጥፋት ፈለገ። ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት ለሕመሙ የሚያጋልጥ በዘር የሚወረስ ነገር እንዳለ አሳይቷል። አያቶቻችን ከአንድ ቤት ሦስት ሰው ሲታመም ያዩት ውሸት አልነበረም። ጉድለቱ «ስለዚህ ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው ድምዳሜ ላይ ነው፤ ልጅ መዳር እስከ መከልከል የሚያደርሰው። ግማሽ እውነት የያዘን ሰው «ተሳስተሃል» ካላችሁት ሌላውንም አይሰማችሁም።

የባለ ማሲንቆው የመጀመሪያ ግጥም እንዲህ መጣ፦

ጫማን ንቆ ኖሮ እግሩን ያሳበጠ፣
በገዛ ስንፍናው ራሱን ቀጠቀጠ።

ቤት ይመታል። ተመራማሪው አጨበጨበ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሕመምተኛ ግን ነጠላቸውን ሳብ አድርገው እግራቸውን ሸፈኑ። ምንም አላሉም። እኔ ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ጫማ የመግዣ አቅም የሌለውን ሰው ሰነፍ ብለን ልንዘፍንበት ነበር እኮ። ሦስቱን ዐረፍተ ነገሮች መልሰን አነበብንለት። ማሲንቆውን አስቀምጦ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ እንዲህ አለ፦

ዘር በሩን ቢተወው ገርበብ ብሎ እንዳለ፣
አፈሩ አይገባም ጫማ እግር ላይ ካለ።

ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር በሁለት ስንኝ አለቀች። ተመራማሪው በማስታወሻ ደብተሩ ገለበጣት።

ሥዕልም ወጥመድ አለው። ቤተ ክርስቲያን የሚሥል አንድ ጎበዝ ሠዓሊ ይዘን ነበር። የእግር መታጠቡን ሒደት በስድስት ሥዕል አሳየ፤ ቀለሙ፣ መስመሩ ልብ ይነካል። አንደኛው ሥዕል ላይ ሕመምተኛው ወደ ሳፋው ጎንበስ ስላለ በጎን ተሣለ፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ለሙከራ ስናሳይ አንድ ቄስ «ይሄ ሰው ምን በድሎ ነው?» አሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥኣን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። እርግማን አይደለም ብለን ልናስተምር ወጥተን ኃጥእ አድርገን ሥለነዋል! ሠዓሊው ራሱ ግንባሩን መታ። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ሁላችን አላየነውም ነበር።

ቁጥሩስ? ነጥቧን ጣልናት፤ 24 እና 19 አልን። ከወንዝ 24 ድንጋይ ለቅመን መሬት ላይ ደረደርን። አንዱ ድንጋይ ሰውየው ሕመሙ ተነስቶበት ከአልጋ የዋለበት ጊዜ ነው። ከዚያ አምስቱ ይነሳሉ። ተዋናያችን ሁሉንም ድንጋይ ጠራርጎ መወርወር ፈለገ፤ ለመድረክ ያምራል። ከተመራማሪዎቹ አንዷ እሺ አላለችም። «አምስት ብቻ ነው ያገኘነው፤ 19ኙ አሁንም እዚያው ናቸው» አለች። ልክ ነበረች። በኋላ ገበያ ላይ ስናቀርበው ሰው የነካው የተነሱት አምስቱ አልነበሩም። የቀሩትን 19 ዝም ብሎ ያያቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ «አምስት ጊዜ ማረስ ማለት ነው» አሉ። ከእኛ የተሻለ ትርጉም ነው፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ውስጥ አስገባናት።

5. መጀመሪያ ለሚመለከታቸው አሳዩ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አምስት ስድስት ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው፣ አንድ ቄስ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይዩት። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ቡና ጠጥቶ «አልወደድኩም» አይልም። «ምን አለ ዘፈኑ? ለጎረቤት ንገሪልኝ» በሉ። የምትናገረው ከሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች ከተለየ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

6. ቀኑን ከገበሬው አቆጣጠር ምረጡ

የበጀት ዓመት ማለቂያ ስለሆነ ሰኔ ላይ የሚደረግ ዝግጅት አይቻለሁ። ገበሬው እርሻ ላይ ነው፤ የሚመጣው ሊቀ መንበሩና ልጆች ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማሲንቆ ይሰቀላል። የሚቀሯችሁ ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ እስከ ግንቦት ያሉት ሳምንታት ናቸው። በሬ የማይጠመድበትን ቀን ያዙ፤ 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምን፣ 27 መድኃኔዓለምን። ከቅዳሴ በኋላ፣ ቄሱን አስፈቅዳችሁ።

ሕዝብ በዛ ተብሎ ግን የትም አይኬድም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ሜዳው ይሞላል። ሰው የመጣው ግን ፈረስ ሊያይ ነው፤ የእናንተን ድንጋይ ማን ይቆጥርላችኋል? አዊ ዞን ስትሄዱ ደግሞ በአገውኛ የሚያዜም ሰው ይኑራችሁ። ማስተርጎም አይበቃም፤ ግጥም ሲተረጎም ቤቱ ይፈርሳል።

7. ለ«ተቀበል» ቦታ ተዉ

አዝማሪ ባለበት ሰሚው ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ ባለ ማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። ተመራማሪዎች በየስብሰባው «የማኅበረሰቡ ግብረ መልስ» እያሉ የሚያሳድዱት ነገር በእኛ አገር ድሮም ነበር፤ ስሙ ተቀበል ነው።

ስለዚህ ከዝግጅቱ ሰዓት ግማሹን ለዚህ ተዉ። ሃያ ደቂቃ ዘፈንና ድንጋይ፣ ሃያ ደቂቃ ተቀበል። ተመራማሪው መድረክ ላይ አይውጣ፤ ሕዝቡ መካከል ደብተር ይዞ ይቀመጥ። የሚባለውን ስንኝ ሁሉ ይጻፍ። ስድብም ቢሆን። በድምፅ መቅጃ ከቀዳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

እኛ ድንጋዩን ገበያ ላይ ባቀረብንበት ቀን አንዲት ሴት ከኋላ ሆነው «ተቀበል!» አሉ፦

ጫማ አድርጉ አላችሁ፣ እኛም ሰማናችሁ፣
ላበጠ እግር የሚሆን የታለ ጫማችሁ?

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ባለ ማሲንቆው ሦስት ጊዜ መለሰው፤ ወዶት ነው። ተመራማሪዋ ፊቷ ቀላ፣ ግን ጻፈች። ገበያ ውስጥ ያለው ጫማ ሁሉ ላላበጠ እግር የተሰፋ ነው። ይህን ማናችንም አላሰብነውም ነበር። «ነገ ሊጀምሩት የሚችሉት» ብዬ የመረጥኩት ነገር ለዋናዎቹ ባለጉዳዮች አልነበረም።

8. እግር ቁጠሩ

ሥራው ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን በጭብጨባ አትለኩ። ከዝግጅቱ በፊት አንድ የገበያ ቀን መግቢያው ላይ ተቀመጡና የ100 አዋቂ ሰው እግር ቁጠሩ፤ ባዶ እግር፣ ክፍት ጫማ፣ ሽፍን ጫማ ብላችሁ። ከወር በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ድገሙት። ዝናብ የጣለ ቀን አትቁጠሩ። ጭቃ ሲሆን ሰው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዛል፤ ቁጥራችሁ ገደል ይገባል። ልዩነት ብታገኙም «ዘፈኑ ያመጣው ነው» አትበሉ፤ በዚያው ወር ርካሽ የላስቲክ ጫማ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያልዘፈናችሁበት ሌላ ገበያም ብትቆጥሩ ይሻላል።

ስለ መገለሉ ደግሞ ጥቂት ቤት ገብታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ሕመም ያለባት ጎረቤትሽ ቡና ብትጠራሽ ትሄጃለሽ?» መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለችውን ዝምታም መዝግቡ።

9. መልስ ይዛችሁ ተመለሱ

አብዛኛው ፕሮጀክት ሳይደርስባት የሚያልቅ እርምጃ ናት፤ በጀት አይያዝላትም። እናንተ ያዙላት። የመኪና ነዳጅና የአንድ ቀን ክፍያ ይበቃታል።

እኛ ከሁለት ወር በኋላ ተመለስን። ይዘን የሄድነው ስላይድ አልነበረም፤ በልክ የሚሰፋ አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። ወዲያው ልክ መውሰድ ጀመረ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አስቆመችው። እግር በደንብ እየታጠበና እየታሰረ ሲሄድ እብጠቱ ይቀንሳል፤ ዛሬ በልክ የተሠራው ጫማ ከጥቂት ወር በኋላ ሰፊ ይሆናል። ስለዚህ ጫማው በማሰሪያ የሚጠብቅና የሚላላ እንዲሆን ተስማሙ። ያቺ ስንኝ የሰጡት ሴትዮ መጀመሪያ ተለኩ። ክሩን አንድ ጫፉን ጫማ ሰፊው፣ ሌላውን ባለ ማሲንቆው ይዞት ነበር።